መብራት የጠፋው ለማን ነው?

ከሞት አፋፍ በተአምር ስለተረፈ ሰው የምነግራችሁ የለኝም። አውሮፕላን አምልጦኝ አያውቅም፤ ሐኪምም ተስፋ ቆርጦብኝ አያውቅም። እኔ ያለኝ የመብራት መጥፋት፣ የውሃ ፈረቃ፣ የታክሲ ሰልፍ እና «ሲስተም የለም» የሚባልበት ቢሮ ነው። ይሁን እንጂ ከእግዚአብሔር ጋር የሚያኳርፈን ብዙ ጊዜ ትልቁ ነገር አይመስለኝም። ትልቁ ነገር ሲመጣማ እንንበረከካለን፣ ስለት እንሳላለን፣ ጠበል እንሄዳለን። ልብን ቀስ በቀስ የሚያሻክረው ጥቃቅኑ ነው። የሕፃን ገላ ውሃ ተጥዶ ጋዙ ያልቃል፤ ሰልፉ ደርሶን ልንገባ ስንል ታክሲው ይሞላል። ለዚህ ስለት የሚሳል የለም፤ ማጉረምረም ብቻ።

እኔም አጉረመርማለሁ፣ አሁንም ድረስ። ግን ከጊዜ ወዲህ እንዲህ ያለውን ቀን የማይበት መንገድ ተለውጧል፤ እንዴት እንደተለወጠ ብናገር ሌላውንም ይጠቅም ይሆናል።

ያሳደገችኝ አያቴ ናት። ወተት ሲገነፍልባት፣ ማሰሮ ሲሰበርባት፣ ለገበያ ተነስታ ዝናብ ሲይዛት አንድ አባባል ነበራት፦ «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም፤ ያደርጋል እንጂ ነገሩን እንዳይጥም።» ይህን እየሰማች ያደገች ልጅ ነገር ሁሉ ሲጣመምባት መጀመሪያ የምትጠይቀው ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ዛሬ ደግሞ ምን አጥፍቼ ነው? ትዳር ይዤ፣ ልጆች ወልጄ፣ አያት በሚባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ገብቼም ያቺ ጥያቄ አልለቀቀችኝም። የጫማዬ ተረከዝ መገናኛ መሐል ቢነቀል እንኳ ቁጣ መስሎ ይታየኝ ነበር።

በሌላ በኩል «ለበጎ ነው» የምንላት አለች። ጣቱ የተቆረጠውን ንጉሥ ተረት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አማካሪው «ለበጎ ነው» ቢለው አሰረው፤ በኋላ ግን ንጉሡን ለመሥዋዕት የያዙት ሰዎች አካሉ ጎደሎ ነው ብለው ለቀቁት። ተረቱ ያምራል። ኑሮ ግን ሁልጊዜ እንደ ተረቱ አይዘጋም፤ ጣቱ ተቆርጦ በዚያው የቀረ ስንት ሰው አለ። ስለዚህ «ለበጎ ነው» የሚሉኝ ሰዎች አያጽናኑኝም ነበር፤ እንዲያውም ያበሽቁኛል። ነገሩ ሳይገባቸው ቶሎ ብለው የሚዘጉት ይመስለኛል።

ነገር የተቀየረብኝ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው።

የማኅበር ተረኛ እኔ ነበርኩ። ኅዳር 12 ጽዋው እኛ ቤት ይጠጣል። ዳቦው ከእህቴ ቤት ይመጣል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ወጡ ለነገ ጠዋት ነው። የቀረኝ እንጀራው ብቻ። ሊጡ አብሲት ገብቶበት ኩፍ ብሏል፤ ዛሬ ካልተጋገረ ነገ ሆምጥጦ አይበላም። ከሥራ እንደገባሁ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ምጣዱን ሰካሁ። ማሟሻውን አወጣሁ፣ ለልጆቹ ሰጠሁ፣ ከዚያ ጥቂት እንደጋገርኩ መብራቱ ድርግም አለ። ምጣዱ ላይ የነበረው እንጀራ ዳር ዳሩ ዓይን አውጥቷል፣ መሐሉ ገና ነጭ ሊጥ ነው። አክንባሎውን ደፍቼ ጠበቅሁ። በያዘው ሙቀት ይበስላል ብዬ ነው፤ አልበሰለም። ተጣብቆ ቀረ።

በመስኮት ብቅ ስል ፊት ለፊት ያሉት ብሎኮችም ጨልመዋል። ከታች አንድ ጎረምሳ «ትራንስፎርመር ነው! ዛሬ አይመጣም!» እያለ ይጮኻል፤ ደስ ያለው ይመስላል እንዲያውም። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው። ከሱቅ እንጀራ ገዝቼ ላቅርብ? የማኅበር ሴቶች ምንም አይሉም፣ ግን ያውቃሉ። ገና አንዱን ቆርሰው ወደ አፋቸው ሳያደርሱት ያውቃሉ።

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ኮሚናልን ያውቃል፦ ድግስ ሲሆን የሚወጠወጥበት፣ ለቅሶ ሲሆን የሚቀመጡበት የጋራ ቤት። እዚያ የእንጨት ምጣድ እንዳለ ትዝ አለኝ። ቁልፉን ጥበቃውን ብጠይቀው «ግራውንድ ያሉት እማማ ጋ ነው» አለኝ። እኒህን እናት ደረጃ ላይ ስንተላለፍ «እንደምን አደሩ» እላቸዋለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል። ከዚያ አልፈን አናውቅም።

ሳንኳኳ ቆዩ። ከዚያ ሻማ ይዘው ከፈቱ።

«እማማ፣ እንደምን አመሹ? የኮሚናሉን ቁልፍ ፈልጌ ነበር።»

«በዚህ ጨለማ ምን ልትሠሪ ነው ልጄ?»

«መብራቱ ጋገራዬን አቋርጦ ጠፋ። የማኅበር እንጀራ ነው። ነገ ሚካኤል እኛ ቤት ነው።»

«ሚካኤል!» ብለው አማተቡ። ሻማውን አስያዙኝና ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው ቁልፍ፣ በሌላው አንድ ክንድ ጭራሮ ይዘዋል። ፍልጡ አልጋ ሥር ስለነበር እሱን እኔ አወጣሁት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አልጋ ሥር ፍልጥ የሚያስቀምጥ ሰው መኖሩን ያን ቀን ነው ያየሁት፤ «መብራትን ማን ያምናል?» አሉኝ።

እኔ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልጅ ነኝ። እሳቱን መሐል ላይ ቆልዬ ምጣዱን ሳግለው እማማ እየሳቁ እጄን ያዙኝ። «ወደ ዳር ግፊው እሳቱን፣ ክብ አድርጊው። መሐሉማ ራሱ ይግላል።» ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሱና ጨርቁን ወረወሩት፤ የመጀመሪያውን ራሳቸው አዞሩት። ከዳር ጀምረው ወደ መሐል፣ ቅጥኑ እኩል፣ እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ። ዓይኑን ብታዩት! በኤሌክትሪክ እንደዚያ ያለ እንጀራ ወጥቶልኝ አያውቅም።

ስንጋግር ወሬ መጣ። ልጃቸው ዱባይ ናት፤ እሑድ እሑድ ትደውል ነበር። አሁን ግን ከደወለች ቆይታለች። ስልኩ አይጠራም። እሳቸው መደወሉን አይችሉበትም፤ የሚችሉት የመጣውን ማንሳት ነው። ሰው ቤት ሥራ ላይ ያለች ልጅ ስትጠፋ እናት ምን እንደምታስብ ንገሩኝ ማለት አያስፈልገኝም። እሳቸውም ያንኑ ሁሉ አስበዋል፤ ለማንም ግን አልተናገሩም። ሰው ሥራ ላይ ነው፣ በየደጁ አንኳኩቼ አላስቸግርም ብለው።

«እስቲ ስልኩን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። ስክሪኑ ጫፍ ላይ ትንሽ የአውሮፕላን ምልክት አለች። ስልኩ ጥሪ በማይቀበልበት የበረራ ሁነታ ላይ ሆኖ ነው የከረመው። እጃቸው ሳያውቁት ነክቶታል። (የኔ የአውሮፕላን ታሪክ እንግዲህ ይሄ ብቻ ነው።) ምልክቱን ስነካው ጥቂት ዝም አለ፣ ከዚያ መልእክቱ እየተከታተለ ይገባ ጀመር። ልጅቷ በጽሑፍ፣ በድምፅ፣ በሁሉም ስትፈልጋቸው ከርማለች። ደወልንላት። የተባባሉትን አልጽፈውም። እኔ ያን ሰዓት ምጣዱ ላይ የነበረውን እንጀራ አሳረርኩት።

እማማ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «ጭሱ ነው» አሉ። በኋላ ደግሞ፣ ቁልፉን እየቆለፍን፣ «ለሚካኤል ነግሬው ነበር። አንድ ሰው ላክልኝ፣ ይቺን ስልክ የሚያይልኝ ብዬ» አሉኝ።

ሌሊቱን ሳልተኛ ያሰብኩት ይህንን ነው። እኔ መብራቱ የጠፋው በኔ ላይ መስሎኝ ነበር። የኔ ማኅበር፣ የኔ ሊጥ፣ የኔ ጥፋት። የኔ ስም የሌለበት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት እፈልጋለሁ። እግዚአብሔር ለአንዲት እናት ስልክ ብሎ የሰፈሩን ሁሉ መብራት አጠፋ እያልኩ አይደለም። ትራንስፎርመር ነው የተቃጠለው። ያን ምሽት ኢንሱሊናቸው ፍሪጅ ውስጥ የነበረ፣ ፈተና ያለባቸው ልጆች የነበሯቸው፣ ዶሮ የተበላሸባቸው ጎረቤቶች አሉ። እነሱን «ለእማማ ስልክ ነው» ብላቸው በጥፊ ቢመቱኝ አይፈረድባቸውም። እኔ የምለው ከዚህ ያነሰ ነው፦ የተቃጠለው ትራንስፎርመር ተቃጥሏል፤ በዚያ ውስጥም እግዚአብሔር እጁን አልሰበሰበም። ባገኘው ነገር፣ በሆመጠጠ ሊጥ እንኳ፣ ሰውን ከሰው ያገናኛል።

በማኅበራችን የባሕራን ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ በሰኔ ሚካኤል የሚተረክ ነው። አንድ ባለጸጋ ሊያጠፋው የሚፈልገውን ልጅ የገዛ የሞት ደብዳቤውን አሸክሞ ይልከዋል። ባሕራን ምን እንደያዘ አያውቅም። መንገድ ላይ ወታደር መስሎ የታየው ቅዱስ ሚካኤል አስቁሞት ደብዳቤውን ተቀብሎ ይለውጠዋል፤ ሊገደል የተላከው ልጅ የባለጸጋውን ልጅ ያገባል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ልቤን የሚይዘው መጨረሻው ላይ ያለው ሠርግ ነበር። ከዚያ ምሽት ወዲህ ግን መሐሉ ላይ ነው የምቆመው፦ ባሕራን መንገድ ላይ መቆሙን እንደ ጣጣ ነው የሚያየው። የጌታው ደብዳቤ ነው፣ ማሳየት ያስፈራዋል፣ መንገዱም ይረፍድበታል። ያዳነው ግን ያ መቆም ነው።

ያም ሆኖ ይህን ታሪክ በእጄ የገባ መክፈቻ አድርጌ በየችግሩ ላይ አልሞክረውም። በየጉባኤው የምንሰማው አንድ ዓይነት ምስክርነት አለ፦ «ታክሲው አመለጠኝ፣ ተናደድኩ፤ በኋላ ስሰማ ያ ታክሲ ተገልብጧል። አቤት የጌታ ጥበቃ!» ሕዝቡ እልል ይላል። እኔ ግን እዚያ ታክሲ ውስጥ የገባችው ሴት ትዝ ትለኛለች። እሷስ ልጅ አልነበራትም? ጠዋት አልጸለየችም? ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ ኃጢአተኞች አለመሆናቸውን በግልጽ ነው ያስቀመጠው። የሌላውን ሞት የኔ ጥበቃ ማሳያ ካደረግሁት፣ ያ ምስጋና የት እንደሚደርስ አላውቅም። ስለዚህ ከትልልቁ ይልቅ በማንም ላይ ያልተገነባ ትንሽ ጥበቃ መፈለግ ይሻለኛል።

ለምሳሌ ውሃ። እኛ ጋ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ። ቧንቧውን ከፍተን እንተኛለን፤ መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ፉ... ፉ... ይላል፣ ከዚያ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ንጹሑ። ያንን ድምፅ ስሰማ ከእንቅልፌ የሚያስነሳኝ ንዴት ነበር። ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን እስኪሞላ ቆሞ መጠበቅ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ባልዲው። ቀኑን ሙሉ ሥራ የዋለች ሴት።

አንድ ሌሊት ግን ጄሪካኑ ሲሞላ ቆሜ ጸሎተ አኮቴትን በቃሌ ማለት ጀመርኩ፤ በቅዳሴው የምንሰማው የምስጋና ጸሎት ነው። ያመሰገነበትን ምክንያት ስትዘረዝሩት የሚያስገርመው ትልቅ ነገር አለመኖሩ ነው። ስለሸፈነን፣ ስለረዳን፣ ስለጠበቀን፣ ስላቀረበን፣ እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን ይላል። እስከዚህች ሰዓት። ያቺ ሰዓት ለኔ ከሌሊቱ 9 ነበረች፤ እግሬ ቀዝቃዛ ሊሾ ላይ፣ እጄ ጄሪካን ላይ። በቤታችን ልጆች የማይጠሩኝ፣ ስልክ የማይደውልባት፣ ወጥ የማይጣድባት አንዲት ሰዓት ብትኖር እሷ ብቻ ናት። ለዓመታት «የጸሎት ጊዜ አጣሁ» እያልኩ ለንስሐ አባቴ ስናገር ነበር። ጊዜውማ በቧንቧ መጣ።

ውሃው ቀን ቀን ቢመጣ ግን አልጠላም። ለሚመለከተው አካል አቤቱታ ስንጽፍ ፊርማዬን ከሁሉም ቀድሜ ነው ያኖርኩት። ጥበቃውን አየሁ ማለት ብልሽቱ አይጠገን ማለት አይደለም፤ እነዚህን ሁለቱን የሚያምታቱ ሰዎች ያስቸግሩኛል።

አሁን ማታ ማታ ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ፤ መጀመር ለሚፈልግ ሰው ይጠቅም ይሆናል። ልጆቹ ሲተኙ፣ ከጸሎት በፊት፣ የዕለቱን አንድ ያናደደኝን ነገር አነሳለሁ። አንድ ብቻ። «ለምን ደረሰብኝ?» ብዬ አልጠይቅም፤ እሱን ብዙ ዓመት ጠይቄ ያገኘሁት መልስ የአያቴ በትር ነው። የምጠይቀው «እዚያ ቦታ ማን ነበር?» ብዬ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመው ማን ነበር? ዝናቡ ያቆመን ሱቅ በረንዳ ላይ ከማን ጋር ተጠለልኩ? ብዙ ጊዜ ሰው ይወጣል። አንዳንዴ ጃንጥላዋን ያጋራችኝ ተማሪ፣ አንዳንዴ ተራውን ለነፍሰ ጡር የለቀቀ ተራ አስከባሪ። አንዳንዴም ለእኔ የተላከ ሳይሆን እኔ የተላክሁለት ሰው ይወጣና፣ ሳላየው ማለፌ ይገባኛል፤ ያኔ ነገ እደውልለታለሁ።

ንዴቱ ትኩስ እያለ ይህን አትሞክሩት። ምጣድ ፊት ቆማችሁ፣ ሊጡ እጃችሁ ላይ እያለ «የእግዚአብሔር ጥበቃ የት አለ?» ብትሉ ውሸት ነው የምትናገሩት። ተናደዱ፣ ማጉረምረሙም ይውጣላችሁ። ዳዊትም አጉረምርሟል። ማታ ሲበርድ ነው ነገሩ የሚታየው፤ አንዳንዱም የሚታየው በሳምንቱ ነው።

ደግሞ ለራሳችሁ ብቻ አድርጉት። ባሏ ከሥራ ለተቀነሰባት ጎረቤት፣ ልጁ ለታመመበት ሰው ሄዳችሁ «እዚያ ማን ነበር?» አትበሉ። እሷ ራሷ ስትደርስበት ነው የሚያምረው። እስከዚያ የናንተ ሥራ ወጥ ሠርቶ ይዞ መሄድ ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ «ለበጎ ነው» የሚል ሰው ካለማ እባካችሁ ቡና እንዲያፈላ ላኩት።

እማማ አሁን ማኅበራችን ውስጥ ገብተዋል። ተራቸው ሲደርስ እኛ ቤት ነው የሚደግሱት፤ የሳቸው ክፍል ጠባብ ነው። እንጀራውን ግን መብራት ቢኖርም በእንጨት ነው የሚጋግሩት፤ ልጃቸው እሑድ እሑድ በቪዲዮ ስትደውል ምጣዱን አሳዩኝ እያለች ታስቸግራቸዋለች። ስልኩን የማየው እኔ ነኝ፤ ድምፁ ሲጠፋባቸው በልጆቼ ይልኩብኛል።

መልስ ያላገኘሁላቸው ነገሮችም አሉ፤ ለመደበቅ አልፈልግም። መታወቂያዬን ለማሳደስ አንድ ቢሮ ስመላለስ ከርሜያለሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሬ እሰለፋለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» ትለኛለች። ማታ ማታ «እዚያ ማን ነበር?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ከፊቴ የነበሩት ሰውዬ ሙሉ ሰዓቱን በስልክ ስለ መሬት ይጨቃጨቁ ነበር፤ ከኋላዬ የነበረችው ልጅ የጆሮ ማዳመጫዋን አላወለቀችም። ከዚያ ወረፋ እስካሁን ያገኘሁት የእግር እብጠት ነው። ሰኞ እንደገና ቀጥሬያለሁ፤ አሁን ግን በርጩማ ይዤ ነው የምሄደው።